የዳማ ሹፌር

ባለፈው የገበያ ቀን በርበሬ ሸምቼ ስመለስ፣ እዚሁ ብቸና ድሮ ፎቶ ቤቴ በነበረበት ጥግ አንዲት አሮጌ ፒክ አፕ ቆማ አየሁ። የባሕር ዛፍ አጣና ከአናቷ በላይ ተጭኖባታል፣ ከክብ መብራቶቿ አንዱ ጠፍቷል፣ ከሆዷ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይሸታል። ያቆመኝ ሽታው ነው። ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፣ ጉልበቴም ከድቶኛል፣ አፍንጫዬ ግን እንደ ድሮው ነው። ሳላስበው ስልኬን አወጣሁና ብርሃኑን አይቼ፣ ወደ ጎን ዘወር ብዬ አንድ አነሳሁ። ሹፌሩ ወዲያው ዘሎ ወረደ። “አባባ፣ ምንድን ነው የሚያነሱት? ለማን ነው?” አለኝ። “አምራኝ ነው ልጄ” ብዬ ብመልስለት፣ “በዚህ ጊዜ መኪና የሚያነሳ ሰው በደህና ነው ብዬ ልመን? ያጥፉልኝ፤ እያየሁ ያጥፉልኝ” አለ። አልተቀየምኩትም። በዚህ ጥቂት ዓመት በኛ መንገድ መኪና የነዳ ሰው ያየውን እሱ ያውቃል። እያየ አጠፋሁለትና ቤቴ ገባሁ። መደርደሪያዬ ላይ ከሞጣ የተመለሰችው የቆርቆሮ መኪና፣ ትንሿ ዳማ፣ ቁጭ ብላለች። የዚያን ዕለት ምሳ አልበላሁም።

ያን ጊዜ እኮ በዚያች ጥግ ከመኪና ጋር ፎቶ ያልተነሳ ሰው ነበር የሚታማው። ፎቶ ቤቴ አንዲት ክፍል ነበረች። ግድግዳዋ ላይ ባሕርና ዘንባባ አስለሁ፤ ሠዓሊው ባሕር አይቶ ስለማያውቅ ውኃውን እንደ ጤፍ ማሳ አረንጓዴ አደረገው፣ እኔም አይቼ ስለማላውቅ ዝም አልኩ። ሦስት ጉርድ በብር ከሃምሳ፣ ሙሉ ቁመት በሁለት ብር። ማበጠሪያው፣ መስተዋቱ፣ አንዱ ኮትና ሁለቱ ከረባት የቤቱ ናቸው። ኮቱ ለቀጭኑም ለወፍራሙም ያገለግላል፤ ወፍራም ሲለብሰው ከጀርባ በመርፌ ቁልፍ እናያይዘውና እንዳይዞር ብቻ እንነግረዋለን። ቀይ መብራት የምትበራባት የፎቶ ማጠቢያዋ ጓዳ የመድኃኒቱ ሽታ አይለቃትም ነበር፤ ባለቤቴ ጥሩዬ “ከጋቢህ እንኳ አልለቀቀም” እያለች እስከ ዛሬ ትነጫነጫለች። የገበያ ቀን ሲሆን ግን ያንን ባሕሬን ዞር ብሎ የሚያይ አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ደጅ ተሰልፎ ከዳማ ጋር ካላነሳኸኝ ይለኛል።

ዳማ የታረቀኝ ፒክ አፕ ናት። አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ መብራቶቿ ክብ፣ ከኋላዋ የእንጨት ርብራብ ያላት፣ ሰውም በግም እህልም ሳትመርጥ የምትጭን። ቀለሟ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀይ፣ ቁርጥ የዳማ ፈረስ ቀለም ነው። የድሮ ሰዎች በፈረሳቸው ስም አባ እገሌ ይባሉ እንደነበረው፣ ፈረስ ኖሮት የማያውቀው ታረቀኝም በመኪናው አባ ዳማ ተባለ፤ ውሎ አድሮ ታረቀኝ ብላ የምትጠራው እናቱ ብቻ ሆነች። እኔና እሱ እኩያሞች ነን፤ አብረን ዳዊት ደግመናል፣ አብረን ካኪ ቁምጣ ለብሰናል። ከብቸና ይነሳና በደብረ ወርቅ፣ በግንደወይን አድርጎ ሞጣ ይገባል፤ በማግስቱ ይመለሳል። ጤፍ ፍለጋ ሉማሜ ድረስ የሚዘልቅበት፣ ዓባይ ድልድይን ተሻግሮ ሳምንት የሚጠፋበትም ጊዜ ነበር። መንገዱ አቧራና ኮረት ነበርና ጎማ ሳይፈነዳ የተደረሰበትን ቀን አላስታውስም። ሲፈነዳ መንገደኛው ወርዶ ዳር ዳሩን ይቀመጣል። አባ ዳማ እጅጌውን ሰብስቦ ይንበረከካል፤ ጎማ ሲቀይር እገዛ አይወድም፣ ሊረዳው የመጣውን ሁሉ በእጁ ይመልሰዋል። የሚቆጣ የለም፤ የት ይደረሳል ተብሎ! ከሴቶቹ አንዷ ታወጣለች፣ ሌላው ይቀበላል፦

አባ ዳማ መጣ አቧራውን ለብሶ፣
የሞጣውን ናፍቆት ለብቸና አድርሶ።

ጎማው እስኪገጠም ዘፈኑ አይቋረጥም። ያ ጭብጨባ ዛሬም በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ጆሮዬ ላይ ይመጣብኛል፤ አሁን በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው የሚያዳምጠው ሌላ ነገር ቢሆንም።

ከዳማ ጋር የሚነሳ ሰው አቋቋሙ አንድ ነው። አንድ እግር ባምፐሩ ላይ፣ አንድ ክንድ መስኮቱ ላይ፣ ሱሪው ከታች የተንቦረቀቀ ቤልቦተም፣ ጸጉሩ አፍሮ፣ ራዲዮ ያለው ራዲዮውን ትከሻው ላይ፣ የሌለው የጎረቤቱን። ሙሽራ ከነሚዜዎቿ ርብራቡ ላይ ትወጣለች። አንዱ ጎረምሳ ፎቶውን ለእጮኛው ቤተሰብ ልኮ “መኪና ያለው አማች አገኘን” ተባለለት። ከሠርጉ በኋላ አማቱ “መኪናዋስ?” ቢሉት “ጋራዥ ገብታለች” አላቸው። ሦስት ልጅ እስኪወልድ ድረስ ከጋራዥ አልወጣችም። አባ ዳማ ይህን ሲሰማ እንባው እስኪፈስ ይስቃል፤ “የኔን መኪና ስንት ሰው ወረሳት?” እያለ።

ሲያጫውተን ቆይቶ ግን አንድ ነገር ሲናገር አይቀልድም ነበር። በኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ይጫናል፤ የሟቹ ልብስ ኮርቻው ላይ ይጣላል፤ ልጁ ልጓሙን ይዞ በለቀስተኛው መሃል ይስበዋል። ፈረሱን ያየ ሰው ጌታውን ያየ ይመስለዋልና ለቅሶው ያን ጊዜ ነው የሚጋጋለው። አባ ዳማ “እኔ ስሞት የሰው ፈረስ ተውሳችሁ እንዳትስቡብኝ” ይል ነበር። “ልጄ አስቻለው ዳማን በቀስታ እየነዳ በለቅሶዬ መሃል ያዙራት፤ ጋቢዬን ኮፈኗ ላይ ጣሉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግ።” ይህን ለእኔም፣ ለንስሐ አባቱም፣ ለዕድሩ ዳኛም ተናግሯል። ሀብትም መሬትም ሳይሆን ኑዛዜው ይኸው ነበር።

አስቻለው ብቸኛ ወንድ ልጁ ነው። ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከዘይት ቆርቆሮ ዳማን ሠራት። ጎማዎቿ ካረጀ ነጠላ ጫማ የተቆረጡ፣ መብራቶቿ የለስላሳ ቆርኪ፣ መስታወቷ ከአዲስ ሸሚዝ ማሸጊያ ላስቲክ፣ ርብራቧ ሸንበቆ። አባቱ ትልቋን ሲያስቀባ የተረፈውን ቀለም ቀባትና እናትና ልጅ አንድ መልክ ሆኑ። መጎተቻዋ ሲባጎ ነበር። እኔ ደግሞ ካሜራ ፈርተው ለሚያለቅሱ ሕፃናት ማባበያ ያስፈልገኝ ነበርና ፎቶ ቤት እንዲያስቀምጥልኝ ለመንኩት። እየመጣ እንዲያያት ተስማምተን ሰጠኝ። አንድ ቀን ተበላሽቶ ከጣልኩት ወረቀት መሃል የአባቱን ጉርድ ፎቶ አገኘ። በመቀሴ ጭንቅላቱን ዙሪያውን ቆርጦ፣ በሙጫ ከመስታወቷ ኋላ አስቀመጠው። “ምን እያደረግህ ነው?” ብለው፣ “ሹፌር እያስገባሁ ነዋ። ሹፌር ከሌላት ቆርቆሮ ናት” አለኝ። ለአባቱ ስነግረው ሮጦ መጥቶ ራሱን አየና “ሳልሞት መኪና ውስጥ ቀበርከኝ!” ብሎ አቀፈው።

ከዚያ ወዲያ ዘመኑ ሮጠ። ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ካሜራ ይዞ መዞር ሲጀምር ፎቶ ቤቴን ዘጋሁ፤ የቆርቆሮዋን ዳማ ቤቴ መደርደሪያ ላይ አኖርኳት፤ ባሕሬ ላይ የሞባይል ካርድ ማስታወቂያ ተለጠፈበት። እኔ ግን መኪና ማንሳቴን አልተውኩም። እነዚያ ክብ መብራት ፒክ አፖች እያለቁ ነበር፤ አንዷ ሞጣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ ዶሮ ሰፍሮባት፣ አንዷ ግንደወይን ጎማዋ ወልቆ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ እየዞርኩ አነሳኋቸው። ሰው “አበደ ወይ?” ብሎ ሳቀብኝ። ከነዚያ ሁሉ በእግሯ የምትሄደው ዳማ ብቻ ነበረች። አስቻለው ትልቅ ሰው ሆኖ መሪውን ተረክቧል። አባ ዳማ ልቡን ታሞ፣ ሞጣ አስተማሪ ወደሆነችው ልጁ ወደ ስንዱ ቤት ገብቷል። ፎቶዎቼን ሁሉ ግድግዳው ላይ ደርድሮ እነሱን ሲያይ ይውላል።

ከዚያ መንገዱ ከፋ። አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሳምንት ይዘጋል። አስቻለው ከመስቀል በኋላ አንድ ጠዋት ሽንኩርት ጭኖ ከብቸና ወጣ። እኔ ነኝ በር ላይ ቆሜ “ዛሬስ ባትሄድ” ያልኩት፤ “አባዬ ናፍቆኛል” አለኝ። ግንደወይንን አልፎ ነው የደረሰበት የደረሰበት። ማን እንደተኮሰ፣ ማን እንዳቃጠለ ዛሬም የሚናገር የለም፤ እኔም አልጠይቅም። ከዳማ የቀረው የከሰለ ብረት ነው። አስቻለውን የአካባቢው ገበሬዎች አንስተው እዚያው ገጠር ቤተ ክርስቲያን ቀበሩት። ስለሱ ሳስብ ዛሬም እሳት ይበላኛል። ያ በመቀሴ የሚጫወት ልጅ!

ለአባቱ ግን መርዶው አልተነገረም። ሐኪሙ ልቡ ድንጋጤ አይችልም አለ፤ ሽማግሌዎቹም ትንሽ እስኪበረታ ይቆይ ብለው ወሰኑ። ወር አለፈ። መንገድ የተከፈተ ቀን ስንዱ ብቸና ድረስ መጣች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃለች። “ቤትስ እንዲህ ነሽ?” አልኳት። “ደጃፍ ላይ ስደርስ ገልብጬ አስተካክለዋለሁ። ስወጣ ደግሞ አዘቀዝቀዋለሁ። አንድ ቀን ረስቼ እንዳልገባ ነው ፍርሃቴ” አለችኝ። ጥሩዬ ይህን ሰምታ ወደ ጓዳ ሄደች።

“ጋሼ፣ ፎቶ ይሥሩልኝ” አለች ስንዱ።

“የማንን?”

“የዳማን።”

“ምን ሆነሻል ልጄ? ዳማ የት አለችና?”

“አባዬ በየቀኑ ይጠይቁኛል። አስቻለው መንገድ ተዘግቶበት አዲስ አበባ ነው፣ ኔትወርክም የለም እያልን ነው እኮ ያቆየናቸው። አሁን ደግሞ ‘የዳማን ፎቶ አምጡልኝ፤ አቋቋሟን ካየሁ ሹፌሯ እንዴት እንደሰነበተ አውቃለሁ’ አሉኝ። እህል አልበላም ብለዋል። ካላየሁ አልበላም ብለዋል።”

“አሮጌ ፎቶማ ሞልቶኝ።”

“ሁሉንም ያውቋቸዋል፤ ግድግዳቸው ላይ ናቸው።”

ከዚያ ዓይኗ ወደ መደርደሪያው ሄደ፤ የኔም ተከተላት። የቆርቆሮዋ ዳማ አቧራ ለብሳ ተቀምጣለች። ስንዱ አፏን በነጠላዋ ያዘች። “ይቻል ይሆን?” አለች። ይቻላል አልኳት። አልጠራጠርም ነበር። ሥራዬ ነዋ።

በማግስቱ ገና ፀሐይ ስትወጣ ከቤቴ ጀርባ ካለው ቀይ መንገድ ላይ አስቀመጥኳትና በደረቴ ተኛሁ። ዓይንህን መሬት ላይ ካደረግህ ጠጠር ቋጥኝ ይሆናል፣ ሣር ቁጥቋጦ ይሆናል፣ ማዶ ያለው ጋራ ከመንገዱ ዳር ይመጣል። ጥሩዬ በወንፊት አፈር እየነፋች አቧራ አስነሳችልኝ። “በስተርጅና በሆድህ መሳብ ጀመርክ?” ትለኛለች፣ ድምፅዋ ግን እንባ ነበር። ቀለሟ ያው የእናቷ ቀለም ነው፤ ጎማዎቿን ጭቃ ቀባኋቸው፤ ሲባጎውን ከሥሯ ደበቅኩት። ስንት መኪና አንስቻለሁ፣ እንደዚያ አድርጌ ያነሳሁት ግን የለም። ከመስታወቷ ኋላ ደብዘዝ ያለ ነገር ይታያል። በዚህ ዓይኔ ምን እንደሆነ አልለየሁትም፤ ከስንት ዘመን በፊት የሆነውንም አላስታወስኩም። ሰው የተቀመጠባት መሰለኝና እሰየው፣ እንዲያውም ሹፌር አላት አልኩ። ኮምፒውተር ቤት ወስጄ ትልቅ አድርጌ አሳተምኩት። የሚያትመው ልጅ “ይቺ መኪና አሁንም አለች?” አለኝ። ደስ አለኝ፤ ያን ጊዜ ነው ደስ ያለኝ።

ሞጣ ስገባ አባ ዳማ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከስቷል፤ አንገቱ ከሸሚዙ ውስጥ ይጫወታል። ስንዱ ነጠላዋን አስተካክላ ከበሩ ላይ ቆማለች። “ከአዲስ አበባ በመንገደኛ የተላከ ነው” ብዬ ፎቶውን ስሰጠው ተቀበለኝ፣ መነጽሩን አደረገ፣ እስከ አፍንጫው ድረስ አቀረበው። ብዙ አየው። ከዚያ ጮክ ብሎ “ደህና ናት!” አለ። “አቧራ በዝቶባታል እንጂ ደህና ናት። አንቺ ስንዱ፣ ለእንግዳ የሚቀመስ አይሰጥም እንዴ? ለእኔም እህል አምጪልኝ።” ስንዱ ፊቷ ተፈታ፤ እየተቻኮለች ወደ ውስጥ ገባች። እፎይ አልኩ።

“ሹፌሯን አየኸው?” አለኝ ቀስ ብሎ።

“አስቻለው ነዋ” አልኩ።

“አይደለም። እኔ ነኝ።” ፎቶውን አዞረልኝና ጣቱን መስታወቷ ላይ አደረገ። “ልጄ በመቀስህ የቆረጠኝ ጊዜ ነው። ገና ጢሜ ጥቁር ነው፤ እየው።” ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። “አንተ ሰው፣ ልጄ የት ሄዶ ነው እኔ የምነዳው?”

መሬት መሬት አየሁ። ሽማግሌዎች ሳይመጡ፣ ወግ ሳይደርስ፣ መርዶውን በገዛ እጄ አሳትሜ አምጥቼለት ነበር። አንገቴን መድፋቴን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። “በሰው እጅ ነው የተቀበረው?” አለኝ። በሰው እጅ፣ ቄስ ፈትቶት፣ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው አልኩት። “እሱ ደግ ነው” አለ። ፎቶውን ወደ ደረቱ አስጠጋና እንዲህ አለኝ፤ “ለስንዱ እንዳትነግራት። ይህን ሁሉ ቀን ብቻዋን ተሸክማው ኖራለች። በወጉ ትንገረኝ፤ እኔም በወጉ እሰማላታለሁ።” ስንዱ እንጀራውን ይዛ ስትመጣ ጎርሶ አላመጠ። እንዴት እንደዋጠው እግዜር ይወቅ። “ወጥሽ ዛሬ ጥሟል” አላት።

መንገዱ ከኋላዬ ተዘጋና እዚያው ሞጣ ቀረሁ። አባ ዳማ በየቀኑ ይበላል፣ ይቀመጣል፣ ይጫወታል። ስንዱ ይህን አይታ በርትቷል ብላ ለሽማግሌዎቹ ነገረች። በቀጠሯቸው ቀን ሊነጋጋ ሲል በዝግታ እየሳሉ መጡ፤ ስንዱ ግድግዳ ይዛ ከኋላቸው ቆማለች። አባ ዳማ ለባብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ትልቁ ሽማግሌ “ሰው ሆኖ የማይሞት የለምና...” ብለው ሲጀምሩ ብድግ አለ። ነጠላውን ከትከሻው አወረደ፣ ጥለቱን አዘቀዘቀ፣ መልሶ ለበሰው። ከዚያ ጮኸ። ያን ሁሉ ቀን አፍኖ የያዘው ጩኸት ነውና ጎረቤት ከየቤቱ ወጣ። ስንዱ እግሩ ላይ ወደቀች። ልቡ አይችልም የተባለው ሰው እሷን አንስቶ ያባብላት ገባ።

የለቅሶው ቀን ለሳምንት ተቆረጠ። አባ ዳማ “ቆርቆሮዋን አስመጣልኝ” አለኝ። መንገዱ ሲከፈት ጥሩዬ ከብቸና ለቀስተኞች ጋር መጣች፣ በነጠላ ጠቅልላ አቅፋ። ለቅሶው ሜዳ ላይ ሬሳ የለም፣ ፈረስ የለም፣ መኪና የለም። አባ ዳማ የአስቻለውን ቆብ ከርብራቧ ላይ ጫነ። ሲባጎውን ያዘና በለቀስተኛው መሃል በቀስታ ይስባት ጀመር። ከመስታወቷ ኋላ ያው ጢመ ጥቁሩ ሹፌር ተቀምጧል። የምታስለቅሰው ሴትዮ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፦

ልጅ ነበር የሚስብ የአባቱን ፈረስ፣
አባት ሳበው ዛሬ ልጁ ሳይመለስ።

ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ ዕድሜዬን በሙሉ ዳማን ሳነሳ የኖርኩ ሰው ያን ቀን አላወጣኋትም። አባ ዳማ መሃል ላይ ሲደርስ የቆርቆሮዋ የፊት ጎማ ወለቀና ተንከባለለ። አባ ዳማ ቆመ። እጅጌውን ሰብስቦ ተንበረከከ። ሊያግዘው ጠጋ ያለውን ሰው በእጁ መለሰው። አስለቃሿ ግጥሟን አቋረጠች። እንደ ድሮው መንገደኛ፣ ጎማው እስኪገጠም ሁላችንም ቆመን ጠበቅነው።